ስምንተኛው ዘፈን

ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2024

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሐብተማርያም፤

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ይዞዎታል? ልጅዎ ዮሲ ከባጃጁ ጋር ተስማሙ? እኔ በእመቤታችን ጥበቃ ደህና ነኝ። ሾላ በር ስልክ ከተቋረጠ ይኸው ዓመት አለፈ፤ መንገደኛ ሲገኝ በሰው እጅ ከመላክ ሌላ መላ አጣሁ። ሠላሳ ዓመት የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ለነበሩ ሰው በዚህ ፊደል መጻፍ ድፍረት ነው። በአሥር ዓመቴ ከአገር የወጣሁ መሆኔን አስበው ይለፉኝ።

የምጽፍልዎት ለደስታ ነው። አልበሜ አለቀ። እርስዎ “ያ የማሽን ጩኸት” የሚሉት ሥራዬ ማለቴ ነው። ቀን ቀን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው አነሣለሁ፣ ሰው አስቀምጣለሁ፤ በእረፍት ቀኔ ኮምፒውተሬ ፊት ቁጭ ብዬ ድምፅ እቀጣጥላለሁ። እስከ ዛሬ ባወጣኋቸው ሁለት አልበሞች ውስጥ የራሴ ድምፅ የለም። የበር፣ የባቡር፣ የሰው ወሬ እየቀዳሁ እቆራርጥ ነበር እንጂ አፌን ከፍቼ አልዘፈንኩም፤ እፈራ ነበር። በዚህኛው ስምንቱንም ራሴ ዘፈንኳቸው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ ድምፅ የት ተቀምጦ እንደነበረ እንጃ።

ስምንተኛው የእማዬ ነው። ዕቃ ስታጥብ የምታንጎራጉራት አንድ ዜማ ነበረቻት፤ ቃል የላትም፣ እምም እያለች ብቻ። ግጥሙን ንገሪኝ እያልኩ ሃያ ዓመት ለመንኳት፤ “ረሳሁት” ትለኝ ነበር። ኩላሊቷ ከደከመ በኋላ አእምሮዋም አብሮ ሄደ። ልታልፍ አንድ ወር ሲቀራት፣ እኔን እንኳ መለየት ባቃታት ጊዜ፣ ዳያሊሲስ ላይ ተኝታ አንድ ቃል ሳታስቀር ዘፈነችው። በስልኬ ቀዳኋት። የእሷን ድምፅ ቆራርጬ ማሽን ውስጥ ልክተት ብል ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ ራሴ ተጫወትኩት። ከበሮው ያ ደሟን ያጥብ የነበረው ማሽን ነው፤ እሱንም ቀድቼው ነበር። ግጥሙ እንዲህ ይላል፦

የኃይሉን ደጃፍ ሳልፍ በጠዋት፣
ጋቢህ ተዘርግቷል ደም እንዳለበት።
ወንድ አለ ብዬ ዞር ብዬ ባይ፣
ሁሉም ጎንበስ አለ ጫማውን ሊያይ።

አባዬን ሽፍታ እንደገደለው እማዬ ነግራኛለች። ኃይሉ የሽፍታው ስም ይሆን? አልበሙ ኖቬምበር 9 ይወጣል። ለሽፋኑ የአባዬን ፎቶ ቢልኩልኝ ደስታዬ ሙሉ ይሆናል።

የእርስዎው ልጅ ትሕትና

ሾላ በር፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ ለትሕትና፤

የማይታየው የሰላም አምላክ በምትሄጂበት ይቅደምልሽ። እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። ዮሲ ከኢየሩሳሌም ጋር ለጥር ሊጋባ ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሏል፤ ባጃጁንም ከአሁኑ አበባ አልብሷታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው፤ ያለኝ እሱ ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ።

የጻፍሽውን አነበብኩ። ሰባቱን ዘፈን አውጪ። ስምንተኛውን አጥፊው፤ ከማሽኑም፣ ከስልክሽም። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። ምክንያቱን መጻፍ ዘፈኑን ከመዝፈን አይለይም። እናትሽ ሽፍታ ነው ካለችሽ ሽፍታ ነው።

ፎቶ የለም። ነበረ፤ ተቃጥሏል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽን ወደ ሕክምና ያመላልስ የነበረው የአገራችን ልጅ፣ የአፕል ቫሊው ቦጋለ፣ ይህን ዘፈን ሰምቶታል? ካልሰማ አታሰሚው። ሰምቶ ከሆነ ከእሱ ጋር ብቻሽን አንድ ክፍል አትግቢ።

ይህ ደብዳቤ ቶሎ እንዲደርስሽ መንገደኛውን በታቦት ለምኜዋለሁ። ያደግሽበት ቤት ምርቃት አይለይሽ።

አጎትሽ ሐብተማርያም

ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 2024

ይድረስ ለጋሼ ሐብተማርያም፤

እንደምን አሉልኝ? ደብዳቤዎ ኖቬምበር 26 ደረሰኝ፤ አልበሙ ከወጣ ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ። ይህን የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው። የግራዬ ሁለት ጣቶች ተሰብረው ታስረዋል።

የአልበሙ ምርቃት ኖቬምበር 9፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሌክ ስትሪት ላይ በተከራየናት አዳራሽ ነበር። ቦጋለ ከባለቤቱ ከኢቢሴ ጋር መጣ። ኢቢሴ ድፎ ዳቦ ጋግራ አምጥታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ይህ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እማዬን በቫኑ ዳያሊሲስ ያመላለሰ ሰው ነው። ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። ሰባቱን ዘፈን እያጨበጨበ ሰማ።

ስምንተኛው ላይ የኃይሉን ስም እንደጠራሁ ብድግ አለ። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ስላለ አብሮኝ የሚዘፍን መስሎኝ ፈገግ አልኩለት። መጥቶ ጠረጴዛውን በእርግጫ አለው። ማሽኖቼ መሬት ወርደው ተበታተኑ። አንገትጌዬን ጨምድዶ ያዘኝና ፊቴ ላይ፣ “ሴይ ኢት አጌን። የአባቴን ስም አንዴ ድገሚው” አለኝ።

ደገምኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ አፍንጫው ስር ሆኜ በዜማ ደገምኩት። በጥፊ አጮለኝ፤ ከንፈሬ ተተረተረ። ልከላከል ያነሣሁትን ግራ እጄን ጠመዘዘው፤ ጣቶቼ ሲሰበሩ ድምፃቸውን ሰምቻለሁ። በቀኝ እጄ የማይክራፎኑን ብረት አነሣሁና ቅንድቡ ላይ አሳረፍኩበት። ወደቀ። ከወደቀ በኋላ አንድ ጊዜ ደገምኩት። ሁለተኛውን መምታት አልነበረብኝም። መታሁት፤ ደስም አለኝ፤ እርስዎን አልዋሽም። የኢቢሴ ነጭ ቀሚስ እስከ ጉልበቷ ደም ሆነ።

ፖሊስ ሲመጣ ሁለታችንም ሳንነጋገር “ወደቅን” አልን። እሱ እንዲያ ማለቱ ሲደንቀኝ እኔም ማለቴ ይበልጥ ይደንቀኛል። ቅንድቡ አሥራ አንድ ቦታ ተሰፋ።

መቅጃው ሳይጠፋ ቀርቶ ነበርና ሁሉም ነገር ተቀድቷል፤ ዘፈኑ፣ ጠረጴዛው ሲወድቅ፣ የኢቢሴ ጩኸት። ከነምኑ ኢንተርኔት ላይ ጫንኩት። ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ሼር አደረገው። አንበሳ ይሉኛል።

የቦጋለ አባት ኃይሉ ይባላል ማለት ነው። አባቴን የገደለው እሱ ነው? ሽፍታ የለም፣ አይደል? ይንገሩኝ፤ ከእንግዲህ የሚደበቀኝ ካለ እዚሁ ቦጋለን ሄጄ እጠይቀዋለሁ።

ትሕትና

ሾላ በር፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትሕትና፤

እግዚአብሔር ጣቶችሽን ይጠግንልሽ። ሃያ አምስት ዓመት የያዝኩትን ልጽፍ ነው፤ አንብበሽ አቃጥዪው።

አባትሽን የገደለው ኃይሉ ነው። በኅዳር፣ በጤፍ አጨዳ፣ በድንበር ቦይ ተጣልተው። ኃይሉ በመጥረቢያ ሁለቴ መታው፤ አንዱን ፊቱ ላይ፣ ወድቆ ሳለ ደግሞ አንገቱ ላይ። እኔ በዐርባ እርምጃ ርቀት ቆሜ ነበር። ጠመንጃ ይዣለሁ፤ ጎርሷል። አልተኮስኩም። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ። ቡኒ ጫማ ነበር፤ የግራው ማሰሪያ ተፈትቷል። እስከ ዛሬ ያ ማሰሪያ ፊቴ ላይ አለ። እናትሽ ከወዲያ ማዶ ቆማ እኔን ስታይ ነበር።

በቀብሩ ያንን ሙሾ አወጣችው፤ አንቺን ከለቅሶው አርቀን ሌላ ቤት አስቀምጠንሽ ነበር። በሰልስቱ ደገመችው። በዐርባው ቀን የአጎቴ ልጅ ሰምቶ መቋቋም አቃተውና የኃይሉን ታናሽ ወንድም ገበያ መሃል አረደው። በሳምንቱ እነሱ የአጎቴን ልጅ ከነቤቱ አቃጠሉት። የአባትሽም ፎቶ እዚያ ቤት ነበር።

ከዚያ ሽማግሌዎች መሃል ገቡ። ኃይሉ በባዶ እግሩ ድንጋይ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መጣ። ደሙ እንዲደርቅ የእኛ ወንዶች ጠመንጃቸውን አስቀመጡ። ከእናትሽ ግን የተጠየቀው ሌላ ነው። ሰው የሚያስነሣው ሙሾው ስለሆነ፣ “ይህ ከእኔም ከልጄም አፍ አይወጣም” ብላ መስቀል ጨብጣ ማለች። በአንድ እጇ መስቀሉን፣ በአንድ እጇ ያንቺን ግራ እጅ ይዛ ነበር። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ከዚያ በኋላ እዚህ መኖር አልቻለችም፤ በናይሮቢ በኩል ወጣች።

ቦጋለ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ከአባቱ ኋላ ቆሞ ምሏል። እናትሽን ያመላለሰው ለዚያ ነው። ፖሊስ ፊት “ወደቅን” ያለውም ለዚያ ነው።

አሁን የሆነውን ስሚ። ዘፈንሽ በፍላሽ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ከነጠቡ። በየባጃጁ ይጮኻል። ዮሲ ሰማው። እራት ላይ፣ “አንተ እዚያ ነበርክ?” ብሎ ጠየቀኝ። ነበርኩ አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀጉሩን አይላጭም፣ ከእኔ ጋር ማዕድ አይቀርብም። ሠርጉ ቀርቷል። ገጀራ ሲስል በዓይኔ አይቼዋለሁ። ኃይሉ ዓይኑ ጠፍቶ በልጅ ልጆቹ እጅ የሚመራ ሽማግሌ ነው።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። በድምፅሽ፣ “ግጥሙ ውሸት ነው፣ እናቴ በሕመም የቀባጠረችው ነው” ብለሽ ቀድተሽ ላኪልኝ። በፍላሽ አስገልብጬ በየባጃጁ አሰማለሁ። ልጄን አድኚልኝ።

አጎትሽ ሐብተማርያም

ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 2025

ጋሼ ሐብተማርያም፤

ውሸት ነው አልልም።

ዘፈኑን እኔ ከጫንኩበት አጥፍቼዋለሁ። ሌሎች መልሰው ጭነውታል፤ እሱን ማቆም አልችልም። ነገር ግን እናቴ አእምሮዋ ሲሄድ፣ ልጇን ስትረሳ፣ ስሟን ስትረሳ፣ አንድ የቀራት እውነት ያ ነበር። እሱን እኔ ቅብጥርጥር ነው ልል? አባቴ ሲታረድ የጫማቸውን ማሰሪያ ያዩ ሰው ዛሬ ዋሺ ይሉኛል? ጠመንጃው ጎርሶ ነበር ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት።

ስላልነገራችሁኝ መሐላ እኔን አትጠይቁኝ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እጄን የያዘችኝ እናቴ ስለሆነች ያዝኩ፤ ሌላ የማውቀው የለም። የገዳዩ ልጅ በየሁለት ቀኑ እማዬን ሲያነሣት “እግዜር ይስጥህ” እለው ነበር።

ኃይሉ ይፍራ። ሃያ አምስት ዓመት በሰላም ተኝቷል፤ አሁን እሱም በተራው ኮቴ ያዳምጥ።

ዮሲን ግን እባክዎ ይያዙት።

ትሕትና

ሾላ በር፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትሕትና፤

ይህን የምትጽፈው የዮሲ እጮኛ ኢየሩሳሌም ናት። ቃሉ የእኔ የአጎትሽ ነው። ቀኝ እጄ የለም።

ደብዳቤሽ የካቲት 22 ደረሰ። ለዮሲ አላነበብኩለትም፤ በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ከካፖርቴ ኪስ አውጥቶት አገኘሁት። “ኃይሉ ይፍራ” የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበው። ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰልኝና ገጀራውን ይዞ ወጣ።

በዚህ ጉልበት ሮጥኩ። በጓሮ አቋርጬ ቀደምኩት። ኃይሉ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ኮቴ ሰምቶ “ማነው?” ይላል። ፊቱ ቆምኩ። ዮሲ ደርሶ “ዞር በል” አለኝ። አልተነሣሁም። “አንተ ጫማህን እይ” አለኝ።

አላየሁም። እሱን አየሁት። ክንዴን አነሣሁ፤ ገጀራው ከክርኔ በታች ገባ። ቆዳ ብቻ ነው ያንጠለጠለው፤ ሐኪም ቤት ቆርጠው ጣሉት። የኃይሉ የልጅ ልጆች በዱላ ወረዱበት። መንጋጋው ተሰብሯል፣ ሁለት ጎኑ ተሰብሯል፣ ግራ ዓይኑ ፈሷል። የጨረሱት መስሎኝ ነበር። ይብቃ ብሎ ያስጣለው ዓይነ ስውሩ ነው።

ዮሲ አሁን በሽማግሌዎች ቤት ተይዟል። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ቀን ተሰጥቶናል። ያ ካለፈ የኃይሉ ልጆች እጃቸውን እንደማይሰበስቡ በግልጽ ተናግረዋል።

በሽምግልናው ላይ ኃይሉ ዘፈኑን አሰሙኝ አለ። ስልክ ጆሮው ላይ አድርገው አሰሙት፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ “እናትየዋን መሐላ አፈረሰች አልልም፤ አእምሮዋ ሄዶ ነው። ልጅቱ ግን ድምፅ አላት። ያ ድምፅ እየዘፈነ የእኔም የእናንተም ልጆች አያረጁም።”

የተፈረደው ይህ ነው። ድንጋይ ተሸክመሽ ቦጋለ ደጅ ትቆሚያለሽ፤ በኃይሉ ፈንታ እሱ ይቀበልሻል። ከዚያ በካህን ፊት ትምያለሽ፤ ሙሾው ብቻ ሳይሆን ቃል ያለው ዘፈን ሁሉ፣ የትኛውም፣ ዕድሜሽን ሙሉ ከአፍሽ እንዳይወጣ። ለሙሾው ብቻ ይሁን ብዬ ተከራክሬያለሁ፤ አንድ ጊዜ ያ ተሞክሯል አሉኝ።

እኔ አላዝሽም። ባለፈው ዋሺ ብዬሽ ነበር፤ እሱን ማለት አልነበረብኝም። ሥራሽ መሆኑን፣ ድምፅሽንም ገና ማግኘትሽ መሆኑን አውቃለሁ። ኢየሩሳሌም እዚህ ላይ ስታለቅስ ቀለሙ ፈስሷል፤ ይቅር በያት።

ሐብተማርያም

ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 2025፣ የሆሳዕና ዕለት

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣ ፊታቸውን ላላዞሩት ለጋሼ ሐብተማርያም፤

ክንድዎ እንዴት ነው? ያለዎት ክንድ በረከት ይሁነው፤ የሌለውም ስለ ልጅዎ ሲል ይመስክርልዎ። ዮሲ መብላት ጀመረ? ይህ ወረቀት ሳይደርስ ወሬው እንደሚደርስዎት አውቃለሁ፤ የደብራችን አለቃ አዲስ አበባ ላለው ዘመዳችን ደውለውለት እሱ ትናንት በራሱ መኪና ወደ ሾላ በር ተነሥቷል። እኔ የምጽፈው እንዴት እንደሆነ ከእኔ እንዲሰሙት ብዬ ነው።

የመጨረሻው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። “ኃይሉ ይፍራ” ያልኩት እኔ ነኝ። የማይክራፎኑን ብረት ለሁለተኛ ጊዜ ያነሣሁ ዕለት ደስ ያለኝ ደስታ፣ ያንኑ ነው በፖስታ አድርጌ ለዮሲ የላክሁት። ዓይኑን ያፈሰሱት እነሱ ቢሆኑም መንገዱን የመራኋቸው እኔ ነኝ።

ድንጋዩን ከሚሲሲፒ ወንዝ ዳር አነሣሁ፤ ለቤቴ ቅርብ ነው። ዓርብ ዕለት ከቄሱ ጋር አፕል ቫሊ ሄድን። ከመንገዱ ማጠፊያ ጀምሮ ጫማዬን አውልቄ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ሄድኩ። አስፋልቱ ገና በረዶ ነው። ውሻ የምታናፍስ ፈረንጅ ጎረቤት ቆማ ደህና ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይም ፋይን አልኳት፤ ሌላ ምን እላታለሁ።

ቦጋለ በሩን ከፍቶ አየኝ። ቅንድቡን የሰነጠቅሁበት ጠባሳ እስከ ዓይኑ ቆብ ወርዷል። ኢቢሴ ከኋላው “በቃ፣ አውርድላት” ብትለው እጁን ዘርግቶ በሩን ያዘ። እግሬ እስኪደነዝዝ ድረስ አቆመኝ። ቀና ብዬ አየሁት እንጂ መሬት መሬቱን አላየሁም፤ እርስዎን እያሰብኩ ነበር።

መጨረሻ ላይ፣ “ሦስት ዓመት ሙሉ እናትሽን ድራይቭ አደረግኋት” አለኝ። “ዊንተር ሰመር ሳልል። አንድ ቀን ስሙን አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም። መኪና ውስጥ ያን ዜማ እምም ስትለው ሬድዮውን እዘጋላት ነበር። እኛ የኖርነው እንዲህ ነው።”

ከዚያ ድንጋዩን ከማጅራቴ አወረደው። ከእጁ ሊያመልጠው ሲል አብሬው ያዝኩት፤ ሁለታችን ተሸክመን ጋራዡ በር ስር አስቀመጥነው። ሙዚቃዬን ምን ላደርገው እንደሆነ ጠየቀኝ። ዮሲ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው አልኩት።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ማልኩ። መስቀሉን በቀኜ ጨበጥኩ፤ ግራ እጄን የያዘ ሰው አልነበረም። ከመማሌ በፊት ቤቴ ውስጥ በሩን ዘግቼ ስምንቱንም ዘፈን አንድ ጊዜ ዘፈንኳቸው፤ አልቀዳኋቸውም። ከዚያ ከአልበሙ ላይ ድምፄን አንድ በአንድ አወጣሁት። ስምንተኛው አሁን ያ ማሽን ብቻ ነው፤ ደም እያጠበ አራት ደቂቃ ይሄዳል። አልቅሻለሁ፤ ተሳድቤያለሁም። ለኃይሉ ምሕረት አላደረግሁም፤ እሱን አልተጠየቅሁም፣ እንኳንም አልተጠየቅሁ።

ዛሬ እነ ቦጋለ ለሆሳዕና ጠርተውኝ ነበር። አብረን በላን። ማንም ማንንም ብዙ አላየም። ከበላን በኋላ ዕቃውን እኔ ልጠብ ብዬ ተነሣሁ። ትንሿ ልጃቸው ሊዲያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሳህን እየተቀበለች ታደርቅልኛለች። ለካ ሳላውቀው እያንጎራጎርኩ ኖሯል፤ እምም እያልኩ። ሊዲያ ቀና ብላ በእንግሊዝኛዋ፣ ደስ ይላል፣ ግጥሙ ምንድን ነው አለችኝ። ሳሎን ውስጥ ቦጋለ ቴሌቪዥኑን ዘጋው።

ረሳሁት አልኳት።

ልጅዎ ትሕትና